በደብረ ማርቆስ ገበያ ለሴራሚክ ማጽጃ የሚሸጡት ሦስት ዓይነት ሃይድሮክሎሪክ አሲዶች ሲመዘኑ

በደብረ ማርቆስ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብቶ «አሲድ አለ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ ባለሱቁ ለምን እንደሚፈልገው እንኳ ሳይጠይቅ የሚያቀርብለት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሁሉ ይፈልገዋል፤ ሴራሚክ ተነጥፎ ሲያልቅ በላዩ ላይ የሚቀረውን የሲሚንቶ ቅሪት የሚያነሣ፣ ከእርሱ የረከሰ ነገር በገበያው የለምና። በሦስት መልክ ይሸጣል። የመጀመሪያው ስሙና መጠኑ በመቶኛ ተጽፎበት፣ ከፋብሪካ እንደ ታሸገ በጀሪካን የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ባለሱቁ ከትልቅ ጀሪካን እየቀዳ በባዶ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ የሚሸጠው፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ነው። ሦስተኛው ለሽንት ቤት መቀመጫ ማጽጃ ተብሎ ወፈር ብሎና ቀለም ተጨምሮበት የሚዘጋጀው ነው። ሦስቱንም በአዲስ ቤት ወለልና በመታጠቢያ ክፍል ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ የኬሚስትሪ መምህር በመሆኔም ከመጠቀም አልፌ መዝኛቸዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ጀሪካኑ የተከፈለበትን ዋጋ ያወጣል፤ የሽንት ቤቱ ማጽጃ ለተሠራለት ሥራ ደኅና ነው፤ በውኃ ላስቲክ የሚሸጠውን ግን፣ በከተማው ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ የሚቸበቸበው እርሱ ቢሆንም፣ ማንም ባይገዛው እመርጣለሁ።

ዕቃው በባሕርዩ ምን እንደ ሆነ ካልታወቀ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አይቻልም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ጋዙ ውኃ እጅግ ይወዳል፤ የጀሪካኑ ክዳን ሲከፈት እንደ ጭስ ሆኖ የሚታየው ነጭ ነገርም፣ አምልጦ የወጣው ጋዝ የአየሩን እርጥበት ይዞ የሚፈጥረው የአሲድ ጉም ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራበት ያልተበረዘ አሲድ 37 በመቶ ገደማ ጋዝ የያዘ ሲሆን፣ ለንግድ የሚቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 33 በመቶ ያለው ነው። መጠኑ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ጭሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ክዳኑ ሲከፈት ምንም የማይጨስ አሲድ በመንገድ ላይ ውኃ የገባበት ለመሆኑ የመጀመሪያው ምልክት ይኸው ነው።

የተገኘው ከጨው ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ዮሐን ግላውበር የገበታ ጨውን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር እያሞቀ አወጣው። በኋላም ሶዳ የሚያመርቱ የአውሮፓ ፋብሪካዎች በዚሁ መንገድ ጨውን ሲያሞቁ ጋዙን እንደ ቆሻሻ ወደ ሰማይ ይለቁት ስለነበር፣ በዙሪያቸው ያለው ዛፍና አዝመራ ይደርቅ ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1863 ባወጣው ሕግ ከጋዙ 95 በመቶው በውኃ ተይዞ እንዲቀር አስገደደ። ጎጃም አሞሌውን እንደ ገንዘብ እየቆጠረ በሚገበያይበት በዚያው ዘመን፣ እንግሊዞች ከጨው የወጣውን ጋዝ የት እንደሚጥሉት ጠፍቷቸው ሕግ ሲያወጡ መገኘታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ዛሬ አብዛኛው አሲድ የሚገኘው ፕላስቲክና ሌሎች ኬሚካሎችን ከክሎሪን ጋር የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ሆኖ ነው። ብረታ ብረት ፋብሪካዎች ላሜራን ከመለበጣቸው በፊት ዝገቱን ያነሡበታል፤ ከአጥንት ጄላቲን ሲወጣ ማዕድኑን የሚያሟሟው እርሱ ነው፤ በነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ የኖራ ድንጋይን እየበላ መንገድ ይከፍታል። የእያንዳንዳችን ጨጓራም ያመነጨዋል፤ ይህንንም እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ፕራውት እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ጽሑፍ አስታውቋል።

ወደ ገበያው ልመለስ። በጀሪካኑ ላይ 32 በመቶ ተብሎ የተጻፈውን በቤት ውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል፤ የሚያስፈልገው የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሚዛን ብቻ ነው። አሲዱ ውስጥ ያለው ጋዝ በበዛ ቁጥር ፈሳሹ ይከብዳል፦ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ አንድ ሊትር 10 በመቶ አሲድ 1.05 ኪሎ፣ 20 በመቶው 1.10 ኪሎ፣ 30 በመቶው ደግሞ 1.15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ላስቲክ ላይ ውኃ ልክ 500 ግራም እስኪሆን ሞልቶ ከፍታውን በብዕር ምልክት ማድረግ፣ ውኃውን ደፍቶ አድርቆ አሲዱን እስከዚያው ምልክት መሙላትና የላስቲኩን ክብደት ቀንሶ መመዘን ነው፤ ሲያበቃም አሲዱ ወደ ራሱ ጀሪካን ይመለሳል፤ ላስቲኩ ይጣላል። ከ500 ግራም በላይ ያለው እያንዳንዱ 2.5 ግራም አንድ በመቶ ተብሎ ይቆጠራል። እኔ የገዛሁት ጀሪካን 580 ግራም መጣ፤ ይህም በትክክል የተጻፈው 32 በመቶ ነው። በውኃ ላስቲክ ከተሸጡት መካከል አንዱ 545፣ ሌላው ደግሞ 525 ግራም መዘነ፤ አንደኛው 18፣ ሁለተኛው 10 በመቶ ማለት ነው። ሁለቱም ባለሱቆች የሸጡልኝ «ያልተበረዘ ነው» ብለው በተመሳሳይ ዋጋ ነው። ከባሕር ዳር የገዛሁት አንዱ ላስቲክ ግን 575 ወጥቷል። እንግዲህ ነገሩ በውኃ ላስቲክ የሚሸጠው ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ገዥው በእጁ የያዘው 10 ይሁን 30 በመቶ ማወቂያ የለውም ማለት ነው፤ ለእኔ ይህ ከደካማነቱ የከፋ ነው። ደካማ መስሎት ሳይበርዝ የሚያፈስ ሰው ቀጣዩን ላስቲክ ከሌላ ሱቅ ሲገዛ ወለሉንም እጁንም ያቃጥላልና።

ሚዛኑ ሌላም ነገር ይናገራል። የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክብደት የቱንም ያህል ቢጠነክር በሊትር ከ1.2 ኪሎ አያልፍም። ግማሽ ሊትሩ 640 ግራም ገደማ ከመዘነ በላስቲኩ ውስጥ ያለው የመኪና ባትሪ አሲድ፣ ማለትም ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ «አሲድ» ተብለው ስለሚቀመጡ መቀያየራቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ሰልፈሪኩ በሲሚንቶ ላይ ሲፈስ የማይሟሟ ጄሶ ይፈጥርና ያው ጄሶ ቅሪቱን ሸፍኖ ሥራውን ያስቆመዋል፤ ሃይድሮክሎሪኩ ግን የሚፈጥረው ካልሲየም ክሎራይድ በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ታጥቦ ይሄዳል። ለሴራሚክ ማጽጃ የተመረጠበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ስለ ቀለሙ ደግሞ በገበያው ውስጥ ሥር የሰደደ የተሳሳተ እምነት አለ። አንድ ባለሱቅ ሁለት ላስቲክ አቅርቦልኝ «መምህር፣ ይኼ ቢጫው እኮ ነው ኃይለኛው፤ ነጩማ ውኃ ነው» አለኝ። ንጹሕ አሲድ ቀለም የለውም፤ ቢጫ የሚያደርገው በውስጡ የሟሟ ብረት ነው፤ ብረቱ ደግሞ ከማጓጓዣው ዕቃ ወይም ከአመራረቱ የሚገባ እንጂ ከጥንካሬው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እንዲያውም 10 በመቶ ሆኖ የተገኘው ላስቲክ ከሁሉም ይልቅ ቢጫው ነበር። በነጭ የሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ ሲፈስና በቅጡ ሳይታጠብ ሲቀር ያ ብረት የዝገት ቀለም ያለው ጥላ ይተዋል፤ ነጭ ወለል ያለው ሰው ቢጫውን አሲድ «ኃይለኛ» ስለ ተባለለት ብቻ ባይወስደው ይሻላል።

አሲዱ ሲሚንቶን ለምን እንደሚበላ ለማየት ከጎጃም የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ የምድሩን ሆድ ከፍቶ ያሳያል፦ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋዩ፣ ከእርሱም በታች የጄሶው ንጣፍ፣ ወደ ወንዙ ሲቀርብ የአሸዋ ድንጋዩ ይታያል። ከእነዚህ የተለቀሙ ድንጋዮች በክፍሌ ውስጥ አሉኝ፤ ተማሪዎች በእያንዳንዱ ላይ 10 በመቶ አሲድ በጠብታ ሲያንጠባጥቡ ጥቁሩ ድንጋይ ዝም ይላል፤ ጄሶውም ዝም ይላል፤ የኖራ ድንጋዩ ግን ጠብታው ገና እንደ ነካው ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ይፈላል። በውስጡ ያለው ካልሲየም ካርቦኔት ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ተሰብሮ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን ነው። የሲሚንቶም ዋና ጥሬ ዕቃ ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የደረቀ ሲሚንቶ ከኖራነት የማይርቅ በመሆኑ ለአሲዱ እጁን ይሰጣል። አንድ ሊትር 30 በመቶ አሲድ 470 ግራም ገደማ የኖራ ድንጋይ አሟሙቶ ይጨርሳል፤ ከ100 ሊትር በላይ ጋዝም ይለቃል። በጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠራተኛው ራሱን የሚያዞረው በአሲዱ ጉም ብቻ አይደለም፤ የሚሞላው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየርም የበኩሉን ይጨምርበታል።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር። ሴራሚኩን ያነጠፈልኝ ባለሙያ እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ ነገር ግን አሲዱን ሳይበርዝ ከጀሪካኑ ወደ ወለሉ ሊያፈስ ሲል ይዤው «በባልዲ እንበርዘው» ብለው፣ «ጋሼ፣ ውኃ ከገባበት ምን ጉልበት ይኖረዋል?» ብሎ ሳቀብኝ። በሳሎኑ አንድ ጥግ እንደ እርሱ፣ በሌላው ጥግ እንደ እኔ እንዲሆን ተስማማን። በእርሱ ጥግ ላይ ያልተበረዘው አሲድ ሲያርፍ ቢጫ አረፋ ነሥቶ፣ ቅሪቱ በደቂቃ ውስጥ ጠፋ፤ ሴራሚኩም አበራ። ታጥቦ ሲደርቅ ግን የመጋጠሚያው መሙያ ሲሚንቶ ዝቅ ብሎ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ሳሸው አሸዋው እየተነቀለ ጥፍሬ ሥር ገባ። በእኔ ጥግ አንድ እጅ አሲድ በአሥር እጅ ውኃ ተበርዞ፣ ማለትም ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር፤ ወለሉም አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ርሶ መጋጠሚያው ጠጥቶ ስለ ጠገበ አሲዱን አልጠጣም። አረፋው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ በብሩሽ እያሸን ጥቂት ደቂቃ ቆየንና ደጋግመን አጠብነው። ቅሪቱ ወጣ፤ መጋጠሚያውም እንደ ነበረ ቀረ። ባለሙያው ቀሪውን ቤት ሁሉ ሳይነገረው እየበረዘ ጨረሰ፤ አንድ ትንሽ ጀሪካንም ለቤቱ በሙሉ በቅቶ ተረፈ። እዚህ ላይ የዋጋው ነገር ይነሣል፦ ጀሪካኑ በሊትር ሲሰላ ከላስቲኩ በግልጽ ይወደዳል፤ ነገር ግን 32 በመቶው ለአሥር ሲበረዝ 10 በመቶው ለሦስት ብቻ ስለሚበረዝ፣ የረከሰ የመሰለው ላስቲክ በሥራው ሲለካ ተወድዶ ይገኛል።

ስለ አበራረዙ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ውኃው አስቀድሞ በባልዲው ውስጥ ይሆናል፤ አሲዱ በላዩ በቀስታ ይጨመራል እንጂ ውኃ በአሲድ ላይ አይፈስም፤ ሲቀላቀሉ ሙቀት ስለሚፈጠር በአሲዱ ላይ የወደቀ ጥቂት ውኃ ፈልቶ ሊረጭ ይችላልና። ባልዲው ላስቲክ ይሁን። የቆርቆሮ ባልዲ የተለበጠበት ዚንክ ከአሲዱ ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮጅን የተባለውን፣ እሳት ቢነካው የሚቀጣጠለውን ጋዝ እየለቀቀ ያልቃል። አዲስ የተነጠፈ ሴራሚክ ደግሞ መሙያው በደንብ እስኪደርቅ ቢያንስ ከሳምንት በላይ ሳይቆይ አሲድ ባይነካው ጥሩ ነው።

አሲዱ የማይነካቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ መስታወት፣ የጀሪካኑ ዓይነት ላስቲክና መስታወታማ ገጽ ያለው ሴራሚክ ይቋቋሙታል። የሚጎዳቸው ግን ብዙ ናቸው። ከቤኒሻንጉል የሚመጣው የዳሌቲ እምነ በረድ የኖራ ድንጋይ ዘመድ በመሆኑ፣ አንድ ጠብታ የተበረዘ አሲድ እንኳ ውበቱን አጥፍቶ ደብዛዛ ክብ ይተውበታል፤ ይህም በመወልወያ አይመለስም። በደረጃና በበረንዳ ላይ የሚሠራው ቴራዞ፣ በሲሚንቶ የተለሰነው ሊሾ፣ የኖራ ቅብ ግድግዳ ሁሉ በዚሁ ይጎዳሉ። የአሉሚኒየም መስኮት ዝርግ ላይ የተረጨ ከሆነ ወዲያው መታጠብ አለበት። አይዝግም ብለን የምንተማመንበት የወጥ ቤት ሲንክም ቢሆን ክሎራይዱ በላዩ ሲቆይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያወጣል፤ የሚያብረቀርቀው የቧንቧ እጀታ ልባጡን ይለቅቃል። በቤቱ ውስጥ ክፍት ሆኖ የቆየ አሲድ ደግሞ ሳይነካቸውም ይበላቸዋል። በአንድ መደብር ውስጥ የተቀዱት ላስቲኮች ከተደረደሩበት መደርደሪያ በላይ የተንጠለጠሉት አዲስ ማጠፊያዎችና ቁልፎች ገና ከነላስቲካቸው ቀይ ዝገት ለብሰው አየሁ፤ ከመንገድ ዳር በሌላ ጥግ የተሰቀሉት የዚያው ዓይነት ማጠፊያዎች ግን እንደ ብር ያበሩ ነበር። የውኃ ላስቲክ ክዳን የአሲድን ጉም እንደማይዝ ለማወቅ ይህ በቂ ምስክር ነው። ባለሱቁም አጠገቡ ቆሞ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ሕግ በአየር ውስጥ የሚገኘው የዚህ ጋዝ መጠን ለአፍታም ቢሆን ከሚሊዮን 5 እጅ እንዳያልፍ ይከለክላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በረኪናው ነው። በየቤታችን ሽንት ቤት ሲታጠብ በረኪና አይቀርም፤ አሲዱ ያላነሣውን በረኪናው ያነሣዋል፣ ወይም ሁለቱ ቢቀላቀሉ ኃይላቸው ይጨምራል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲያገኘው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 በቤልጂየም በኢፕር የጦር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ይኸው ክሎሪን ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያጥበውን ሰው ፊቱ ላይ ያገኘዋል። በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ አሲድ የፈሰሰበት ወለል በውኃ ደጋግሞ ሳይታጠብ በረኪና በላዩ መፍሰስ የለበትም፤ በአንድ ቀን ሁለቱን ባለመጠቀም የሚቀር ንጽሕና የለም። ታሽጎ በመጣው ጀሪካን ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍም በምልክትም አለ፤ በሽንት ቤቱ ማጽጃም ላይ አለ። በውኃ ላስቲኩ ላይ ምንም የለም።

የላስቲኩ ጉዳይ በዚህ አያበቃም። ንጹሕ አሲድ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው ጠርሙስ ውስጥ ሲሞላ ከውኃው በምንም አይለይም። በእኛ አገር ደግሞ በዚያው ጠርሙስ አረቄም ይቀዳል፤ ጥርት ያለው አረቄና ጥርት ያለው አሲድ በአንድ ጓዳ፣ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ በአንድ ዓይነት ክዳን ይቀመጣሉ። ለልጅ አደገኛ መሆኑ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ትልቁንም ሰው በጨለማ ያሳስተዋል። አንዱን ባለሱቅ «ቢያንስ ቀይ ቀለም ያለበት ወረቀት ለጥፍበት» ስለው «መምህር፣ የሚገዛው ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል» አለኝ። የገዛው ያውቃል፤ እቤት ያለው አያውቅም። አሲዱ ከተጠጣ እንዲያስታውከው ማድረግ ጉሮሮውን ሁለተኛ ጊዜ ማቃጠል ስለሆነ አይደረግም፤ ሶዳ አጠጥቶ በሆዱ ውስጥ ለማርከስ መሞከርም ጋዝና ሙቀት ስለሚፈጥር አይደረግም፤ አፉን በውኃ አጉመጥምጦ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ቆዳ ወይም ዓይን ላይ ከተረጨ በሚወርድ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ዓይን ከሆነ ከዚያም በኋላ ለሐኪም መታየት ግድ ነው። የጎማ ጓንትና የዓይን መከለያ መነጽር አሲዱ በሚሸጥበት ሱቅ ይገኛሉ፤ የሚያቀርባቸው ባለሱቅ ግን ያጋጠመኝ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ጀሪካን ብቻ የሚሸጠው ነው።

የሽንት ቤቱ ማጽጃ በንጽጽሩ ውስጥ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። በተለያዩ ስሞች ከሚሸጡት አብዛኞቹ በ10 በመቶ ዙሪያ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያላቸው ናቸው፤ እንዲወፍሩ የሚደረጉትም ወደ መቀመጫው ግድግዳ ተጣብቀው እንዲቆዩ ነው። በመቀመጫው ውስጥ የጋገረውን የሽንትና የውኃ ኖራ ያነሣሉ፤ አፍንጫቸው ጠመም ያለው ጠርሙስም ከከንፈሩ ሥር ለመርጨት የተመቸ ነው፤ ክዳናቸው ለልጅ አይከፈትም። ለሰፊ ወለል ግን አይሆኑም፤ ውፍረታቸው ታጥቦ ለመውጣት ብዙ ውኃ ይጠይቃል፤ ቀለማቸውም ነጭ መጋጠሚያ ላይ ይቀራል። ለማንቆርቆሪያና ለኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ውስጠኛ ኖራ ደግሞ ማንኛቸውም አያስፈልጉም፤ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ከውኃ ጋር አፍልቶ ማሳደር ያንኑ ሥራ ለምግብ ዕቃ በማያሰጋ መንገድ ይሠራል። አሲዱን ለማንቆርቆሪያ የሚያዝዙ ባለሱቆች አሉና ይህን ማለት ግድ ሆነብኝ።

ዝገት ለማንሣትም ሞክሬዋለሁ። በዝናብ የዛገ ፌሮ 10 በመቶ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ዝገቱ ተገፍፎ ግራጫው ብረት ይታያል፤ ታጥቦ ወዲያው ካልደረቀና ካልተቀባ ግን በማግስቱ ከቀድሞው የባሰ ይዝጋል፤ በገጹ ላይ የሚቀረው ክሎራይድ እርጥበት ይስባልና። ለበር መጋረጃ ብረት ወይም ለመሣሪያ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ የሚሻል ይመስለኛል። ቆርቆሮ የሚበይዱ ሠራተኞች ዚንክ አሟሙተውበት የሚያዘጋጁት የብየዳ ማገዣ ፈሳሽ ሌላ ጥቅሙ ነው፤ ያ ግን የእጅ ባለሙያ ሥራ ስለሆነ በቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ለመግዛት የሚወጣ ሰው እንግዲህ ጀሪካኑን ይጠይቅ። መቶኛው የተጻፈበት፣ የክዳኑ ቀለበት ያልተሰበረ፣ የተመረተበት ቀን የሚነበብ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ትንሹ ጀሪካን ለአንድ መኖሪያ ቤት ስለሚበቃ ትልቁን መውሰድ በቤት ውስጥ ትርፍ አሲድ ማስቀመጥ ነው። በባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ ይልቅ የታሸገው ጀሪካን በቀላሉ ይገኛል፤ በደብረ ማርቆስ ደግሞ ጥቂት መደብሮች ብቻ ከጓሮ መጋዘን አውጥተው ይሸጣሉ፤ «የታሸገውን» ብሎ አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለት ጎረቤታሞች ቤት በአንድ ወቅት ከጨረሱ አንዱን ጀሪካን ሳይቀዱ ተራ በተራ መጠቀም ይችላሉ፤ በላስቲክ እያካፈሉ መውሰድ ግን የነቀፍነውን መልሶ ማድረግ ነው።

የተረፈው አሲድ ወደ ቦይ ወይም ወደ ጓሮ አይደፋም። በብዙ ውኃ ከበረዙ በኋላ ኖራ ወይም ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፣ ሶዳ ከሆነ መፍላቱ እስኪቆም፣ ማርከስ ይቻላል፤ ለአንድ ሊትር 30 በመቶ አሲድ 800 ግራም ገደማ ቤኪንግ ሶዳ ወይም 350 ግራም ገደማ በውኃ የጠፋ ኖራ ይበቃል፤ ኖራው በዋጋ ይረክሳል፤ ሶዳው ግን ቢበዛም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጨዋማ ውኃ ነው። ባዶው ጀሪካን ደጋግሞ ታጥቦም ቢሆን ለውኃ፣ ለጠላም ሆነ ለዘይት እንዳይውል ታችኛው ክፍሉ በሚስማር ቢበሳ ጥሩ ነው፤ በእኛ አካባቢ ደኅና ጀሪካን ተጥሎ አያድርምና።